ለመስቀል ፍርግርግ ፍለጋ

ከሦስት ዓመት በፊት ለመስቀል ከአሜሪካ የመጣችው ልጄ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ ከልብሱና ከቸኮሌቱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር አወጣች። ሁለት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ናቸው። ላያቸው እንደ ታረሰ መሬት ትልም የወጣለት፣ በትልሞቹ መካከል ደግሞ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉት። "እማዬ፣ ይሄ የሥጋ መጥበሻ ነው፤ በበርሜላችን ፍርግርግ ፋንታ ይቀመጣል" አለችኝ። እነሱ አገር የከሰል መጥበሻ ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ፍርግርግ ቀጭን ስለሆነ፣ ጥብስ የሚወድ ሰው ሌላ የተሻለ ለብቻው ገዝቶ ይተካዋል አሉ።

የምኖረው ኦቾሎ ነው። ለማታውቋት፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ስትሄዱ ላንቴ ላይ ከሙዙ እርሻ ወደ ተራራው ቀና ብትሉ ቋጥኙ ላይ ተለጥፋ የምትታይ መንደር ናት። ከቤቴ ደጃፍ አባያ ሐይቅ ከነቀይ ውኃው ከታች ይታያል። የሙያ ጓደኞቼ ኦቾሎ ሲባሉ የሚያስታውሱት ሽኮኮውንና የአሸዋ ዝንቡን፣ በእነሱም የሚመጣውን የቆዳ ቁስል ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሥጋ ነው።

ባለቤቴ በሕይወት እያለ አንድ በርሜል ለሁለት አስሰንጥቆ እግር አስበይዶለት ነበር። በዚያ ላይ የልጄን ሰሌዳዎች አስቀምጠን የመጀመሪያውን ቀን ስንጠብስ፣ እውነቱን ለመናገር አደነቅሁ። ስቡ ትልሙ ውስጥ ስለሚቀር ከሰሉ ላይ እየተንጠባጠበ እሳት አያስነሳም። ሥጋው አያርርም። ወጥቶ ሲታይ እንደ ደብተር መስመር ተሰምሮበታል። የልጅ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ መስመሩን በጣቱ እየቆጠረ በላ።

በሁለተኛው ቀን ወንድሜ "እሳቱ አነሰ" ብሎ ከሰሉን እስከ አፉ ከመረው። ካርቶን ይዞም ያራግብ ጀመር። ትንሽ ቆይተን ስናይ የአንደኛው ሰሌዳ ጥግ እንደ ሻማ ሟሙቶ ወደ ፍሙ ወርዷል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ተከምሮ የሚራገብ ከሰል ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ከሰሌዳው ጋር የመጣ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ነበር፣ ያነበበው ግን የለም። ልጄ ወንድሜን ላለማስቀየም ዝም አለች። ወንድሜም አፈረ፤ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አያወራም። በጠማማ ሰሌዳ ላይ ሥጋ አይቆምም፤ የድሮው የበርሜሉ ፍርግርግ ደግሞ ዝገት በልቶት ነበርና የቀረውን ሥጋ በድስት ጠበስነው።

ታዲያ ያ ልጅ በየእሑዱ ስልክ ሲደውል "አያቴ፣ ብረቱ ተሠራ?" ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ። ዘንድሮ ለመስቀል እንደሚመጡ ሲነግሩኝ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የበርሜሉን አፍ በክንዴ ለክቼ፣ መለኪያውን በገመድ ላይ ቋጥሬ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ።

ሲቀላ ብረታ ብረት የሚሸጡትና የብየዳ ቤቶቹ ተቀራርበው ነው ያሉት። የመጀመሪያው ወጣት የፈለግሁትን ስነግረው አላመነታም። የሚያብለጨልጭ የሽቦ ወንፊት ዘርግቶ "ማዘር፣ ይሄ ነው የሚያዋጣሽ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ደግሞ አይዝግም" አለኝ። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄዶ ነበር። ከዚያ "ለምንድን ነው የማይዝገው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ጋልቫናይዝድ ነዋ! ዚንክ ተነክሯል።"

ቦርሳዬን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እሱን ሳላወራላችሁ ወደ ሌላው ፍርግርግ አላልፍም።

ኮአርተም ገና ያልመጣበት፣ ለወባ ፋንሲዳር የምንሰጥበት ጊዜ ነው። በቆላው በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ። ወደ ምሽት አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ልጅ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የአጥንት ቁርጥማት። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ወባ ነህ ለማለት ትምህርትም አያስፈልግም። ደሙ ታየ፤ ምንም የለም። በዚያን ጊዜ ግን ደሙ "የለም" ቢልም "አምልጦን ይሆናል" እንል ነበር። ፋንሲዳሩን ሰጠሁት። በማግስቱ ሻል ብሎት መንገድ ላይ አገኘሁትና በመድኃኒቱም በራሴም ተደሰትኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ልጅ፣ ያው ጋቢ፣ ያው መንቀጥቀጥ። ደሙ አሁንም ንጹሕ ነው። አሁንም ሰጠሁት።

በሦስተኛው ተቆጣሁ። "አንተ ልጅ፣ በአጎበር አትተኛም እንዴ?" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ "እተኛለሁ ሲስተር፤ ግን ሁሌ የሚያመኝ ሰኞ ነው" አለኝ።

ሰኞ! የወባ ትንኝ ሰኞን ከማክሰኞ አትለይም። ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ያኔ ጠየቅሁት፦ "ምንድን ነው የምትሠራው?" የብየዳ ቤት ተለማማጅ ነው። የውኃ ታንከር መቆሚያና የጋልቫናይዝድ ቱቦ ነው የሚበይደው። ዚንኩ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ እሱን ሲምግ ውሎ አፉ ሳንቲም ሳንቲም ይለዋል፣ ወደ ማታ ይንቀጠቀጣል። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ሰውነቱ በመጠኑ ይለምደዋል፤ እሑድ ሲያርፍ ይረሳዋል፤ ሰኞ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ትኩሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ይለቃል። ምስጋናውን የወሰደው ፋንሲዳር ነበር። ጌታው ደግሞ "ወተት ጠጣ" እያለ ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛለታል። ወተቱ ክፉ አልነበረም፣ ያገባውን ጭስ ግን አያወጣም።

ፋንሲዳር አልፎ አልፎ ቆዳን እስከ መላጥ የሚያደርስ አደገኛ አለርጂ እንደሚያመጣ እያወቅሁ፣ ወባ ለሌለበት ልጅ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ምንም አልሆነም፤ ያ ግን በእኔ ጥንቃቄ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን፣ በር ከፍቶ ነፋስ ባለበት እንዲበይድ፣ ቱቦውን ከመበየዱ በፊት ዚንኩን እንዲፍቅ፣ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን ነግሬ ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ ሥራውን ሳልጠይቅ መርፌ አንስቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሲቀላ ቆሜ ያን የሚያብለጨልጭ ወንፊት ሳይ ያየሁት ያንን ልጅ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። አሉሚኒየም ያቀለጠ የወንድሜ እሳት ዚንኩን ምን እንደሚያደርገው መገመት አያቅትም። ከዚያ ደግሞ ልጄ ሥጋውን በሎሚና በጥብስ ቅጠል ዘፍዝፋ ነው የምታሳድረው፤ ሎሚ ዚንክን ያሟሟል፣ በምግብ የገባ ብዙ ዚንክ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። ወጣቱ ይህን ስነግረው "ታዲያ መጀመሪያ በእሳት አቃጥለሽ ማስለቀቅ ነዋ!" አለ። ማን ቆሞ ያቃጥለዋል? እኔ? ወይስ ብረቱን ሦስት ዓመት የጠበቀው የዘጠኝ ዓመት ልጅ?

ቀጥሎ ያለው ቆራሌው ሰብስቦ ያመጣው የአሮጌ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ነበረው። መጠኑ ልክ ለበርሜሌ የተሠራ ይመስላል፣ ዋጋውም የቡና ነው። በየከተማው ብዙ ሰው እንዲህ ባለው ላይ ዓሣ ሲጠብስ አይቻለሁ። የድሮ ማቀዝቀዣዎች መደርደሪያ ግን አንዳንዱ ካድሚየም የተለበጠ ነው፤ ካድሚየም ከዚንክ የባሰ መርዝ ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል። አዳዲሶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ለብሰዋል። መደርደሪያው የተሠራው ቅቤና ወተት ሊሸከም ነው፤ እሳት ላይ ማን አስቀመጠው? ዝም ብዬ አለፍኩት።

ስቴንለስ ስቲሉ በጣም ጥሩ ነው። አይዝግም፣ አይላጥም፣ ሎሚም አይፈራም። ዋጋውን ስሰማ ግን የጡረታ ደብተሬን አስታወስኩና አመስግኜ ወጣሁ። አቅም ያላችሁ እሱን ግዙ፤ ስታስበይዱ ግን ዘንጉ ድፍን ይሁን፣ ቀጭን ሽቦ ሙቀት አይዝም።

ፌሮ ብዙ ሰው የሚያስበይደው ነው። መርዝ የለበትም፣ ግን ጀርባው ሸንተረር ስላለው በየሸንተረሩ ሥጋና ስብ ይደበቃል፤ ታጥቦ አይጠራም። ለማጽዳት የሽቦ ብሩሽ ያነሣ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከብሩሹ የተነቀለ ቀጭን ሽቦ ሥጋው ላይ ተጣብቆ ጉሮሮ ውስጥ ይሰካል። የልጅ ጉሮሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

መጨረሻ የመረጥኩት ባለ 10 ሚሊ ለስላሳ ድፍን ክብ ብረት ነው። ያልተቀባ፣ ያልተነከረ፣ ጥቁር። በያጁ "ለመስኮት ነው ማዘር?" አለኝ። "ለሥጋ ነው" ስለው ሳቀ። በርሜል ርዝመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ግድም ነውና፣ አንድ ትልቅ ፍርግርግ ከማሠራት ሦስት ለየብቻ የሚነሡ እንዲሆኑ አዘዝኩ፤ እያንዳንዱ ወርዱ 29፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር። ይህን የተማርኩት ከልጄ ሰሌዳዎች ነው። የተከፋፈለ ከሆነ አንዱን አንሥቶ ከሰል መጨመር ይቻላል፣ ሥጋው ከሌላው ላይ ሳይነሣ። በዘንጎቹ መካከል አንድ ጣት ተኩል ክፍተት አስተወው ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ለልጆች የሚቆረጠው ትንንሽ ሥጋ እንደሚሾልክ አሰብኩና አንድ ጣት አደረግሁት። ሁለት ቤርጋ ሙሉ ሄደ።

በያጁ ጎበዝ ነው። የብየዳውን ጉብታ በግራይንደር አለሰለሰው፣ ጥጋጥጉን በሞረድ መታው። ክፍያዬን ቆጥሬ ቀና ስል ተለማማጁ የአንቲረስት ጣሳ ከፍቶ ቀይ ቀለም የነከረ ብሩሽ በመጀመሪያው ፍርግርግ ላይ ሊያሳርፍ ነው! "ተው ልጄ!" ብዬ ስጮህ ከጎረቤት ሱቅ ሰው ወጣ። ልጁ አላጠፋም፤ በዚያ ቤት የተበየደ ነገር ሁሉ አንቲረስት ሳይቀባ አይወጣም፣ በርም ሆነ አልጋ። ለዚህ ነው ፍርግርግ የምታስበይዱ ሰዎች እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ የምለው። ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ብትሄዱ ቀለም ትበላላችሁ።

አንዱ ፍርግርግ አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። እስከ ላንቴ በባጃጅ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሞተረኛው እግሩ ሥር አጋድሞ አወጣልኝ። ጎረቤቴ አይታ "ሲስተር፣ ቤትሽን እስር ቤት ልታደርጊው ነው?" አለችኝ።

አዲስ ጥቁር ብረት የፋብሪካ ዘይትና ቅርፊት አለበት። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ ሥጋ ሳላስቀምጥበት አንድ ሰዓት በፍም ላይ አቃጠልኩት፤ ትኩስ እንዳለ በጨርቅ ዘይት ቀባሁት። ይህን ሦስት ቀን ደጋገምኩ። እንደ አዲስ የእንጀራ ምጣድ ማሟሸት ማለት ነው፤ ለእናቶች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ዝገት የሚከለክለው ያ የደረቀ ዘይት ነው። ሥጋ ከተጠበሰበት በኋላም ሳይቀዘቅዝ ግማሽ ሽንኩርት በሹካ ወግቶ ማሸት ነው፤ የሽቦ ብሩሽ ቤቴ አይገባም።

መስቀሉ ደረሰ። "ዮ ማስቃላ" ተባለ፣ በሬው በቅርጫ ተከፈለ። የእኛ ድርሻ ውስጥ የሽንጡን ሥጋ ልጄ ሁለት ጣት ውፍረት አድርጋ ቆረጠችው። ከሰሉን በአንደኛው ፍርግርግ ሥር ወፍራም፣ በመካከለኛው ሥር ስስ አድርጌ አነጠፍኩት፤ ሦስተኛው ሥር ምንም አላደረግሁም፤ ሥጋው የሚያርፍበት ነው። ወንድሜ ካርቶን ይዞ ሲጠጋ አየሁትና "እዚህ ጎን ብቻ አራግብ" አልኩት። ብረት ነው፣ ይቻለዋል።

መስመሩ ወጣ! ከአሉሚኒየሙ የጠቆረና የሰፋ መስመር። የልጅ ልጄ ጮኸ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሊቀበል ሳህኑን ዘረጋ። ከመስጠቴ በፊት መሐሉን ቆረጥኩት። ውስጡ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ሲነካ ገና ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ብረት ላዩን ቶሎ ያትማል፤ መስመሩ የሚያሳየው ብረቱ መሞቁን ብቻ ነው።

አማቼ ውስጡ ቀይ የሆነ ይወዳል፣ ልጁም እንደ አባቱ መብላት ይፈልጋል። ትንሽ ክርክር ሆነ። እኔ በዚህ ላይ ንጹሕ ሰው አይደለሁም። ስንትና ስንት መስቀል ጥሬ ሥጋ በዳጣ በልቻለሁ፣ ኒክሎሳማይድም ፕራዚኳንቴልም በራሴ ላይ አዝዣለሁ። የኮሶ ትል እጭ ከበሬው ጡንቻ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ላዩ ቢሰመርም እሱ መሐል ላይ ምቾት አለው። ትልቅ ሰው አውቆ ይበላል፣ አውቆ ይታከማል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳህን ላይ ግን እኔ ነኝ የምፈርደው። ልጄ ከሻንጣዋ የሥጋ ቴርሞሜትር አወጣች፣ መሐሉ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ስሱ ከሰል ላይ አቆየነው፣ ከዚያ ባዶው ፍርግርግ ላይ ጥቂት ደቂቃ አረፈ። ቁጥሩን የሚያነበው ልጁ ራሱ ሆነ፤ ክርክሩ በዚያ አለቀ። ሲቆረጥ ጽጌረዳ የመሰለ ነበር። አማቼም ከእሱ ደግሞ ወሰደ።

ሲመሽ ብርድ ወረደ። ኦቾሎ ማታ ማታ ታውቁታላችሁ። ወንድሜ "ፍሙን ወደ ቤት እናስገባው፣ ልጆቹ ይሙቁ" አለ። በዚህ ላይ አልተከራከርኩም፣ ዝም ብዬ አመድ አለበስኩበት። ጭሱ የጠፋ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደረቡ።

የሚሄዱበት ቀን ልጄ ሻንጣዎቿን በእጅ ሚዛን አንጠልጥላ ስትመዝን አገኘኋት። አጠገቧ አንደኛው ፍርግርግ በዚያው በፎጣ ተጠቅልሎ ቆሟል። "እማዬ፣ አንዱን ልውሰደው። እዚያ እንዲህ ወፍራም አይገኝም" አለች።

"በርሜሌ ላይስ ክፍት ቦታ ሊቀር ነው?"

"ለአንቺ ሌላ ታሠሪያለሽ፤ በያጁን ታውቂዋለሽ።"

ሚዛኑ አምስት ኪሎ በለጠባት። በርበሬውን አየች፣ ፍርግርጉን አየች፣ እኔን አየች። በርበሬውን እኔው ነኝ የቀነጠስኩትና ያስፈጨሁት። ልጁ ከአልጋው ላይ ሆኖ "ጫማዬን እዚህ ልተወው?" አለ።